የጋራ የከተማ ራዕይ ምንድን ነው?

የከተማ ራዕይ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ቢሮ ግድግዳ ላይ በፍሬም የተሰቀለው ዓረፍተ ነገር ነው። «ከተማችንን ከአፍሪካ ቀዳሚ ማድረግ» የሚለው ዓይነት። እሱ ምኞት ነው፤ ማንም አይጠላውም፣ ማንም አይከራከርበትም።

እውነተኛ ራዕይ ግን ያከራክራል። ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ ከተማዋ ስትሰፋ አዲሱ ነዋሪ የት ይኖራል? በምን ይመላለሳል? የትኛው መሬት ነው ምንም ቢመጣ የማይነካው? እነዚህን ቀድሞ ይወስናል። ፕላን ውሳኔውን ካርታ ላይ ያሰፍራል፣ ፕሮጀክት ደግሞ ይገነባል። የጋራ የሚባለው ነዋሪው አውቆት፣ ተሟግቶበት፣ ከንቲባ ሲቀየርም «ያ ነገር የት ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ሲችል ነው።

ኮፐንሃገንን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው ፕላኗ «የጣቶች ፕላን» ይባላል። እጅን ዘርግቶ ካርታው ላይ ማሳረፍ ነው። መዳፉ መሃል ከተማው ነው። ከተማዋ በአምስቱ ጣቶች አቅጣጫ ታድጋለች፤ በየጣቱ የከተማ ባቡር ይሄዳል፤ በጣቶቹ መሃል ያለው እርሻና ደን ክፍት ይቆያል። መጀመሪያ ላይ አስገዳጅ ሕግ እንኳ አልነበረም። ግን ልጅም ቢሆን በእጁ ሊያስረዳው ይችላል። በኔ ግምት ዕድሜ የሰጠውም ይኸው ነው።

አዲስ አበባስ? ፕላን አጥታ አታውቅም። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች፣ ቀጥሎ እንግሊዛዊው አበርክሮምቢ፣ ከዚያ ፈረንሳዊው ዴ ማሪየን ነድፈውላታል። ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል ለገሃር ድረስ የሚወርደው የቸርችል ጎዳና መስመር የዴ ማሪየን ፕላን ዋና ምሰሶ ነበር። እስከ 2019 ዓ.ም. የሚያገለግለው መዋቅራዊ ፕላን ደግሞ ከከተማዋ መሬት 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ይላል። እንደ ጣቶቹ በቀላሉ የሚያዝ ነገር ነው። ታዲያ ስንቱ ነዋሪ ሰምቶታል?

ራዕይ ሲጎድል ምን እንደሚመጣ ለማየት ጠዋት የካ አባዶ ወይም ኮዬ ፈጬ የታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም ይበቃል። ኮንዶሚኒየሙ ዳር ወጣ። ሥራው መርካቶ፣ ሜክሲኮና መገናኛ ቀረ። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር አንደኛው መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ነው። ሁለቱም ሰፈሮች ጋ አይደርስም። ቤቱም ባቡሩም ለየብቻ ጥሩ ሐሳብ ናቸው፤ ተነጋግረው ግን አልተሠሩም።

ሕጉ ስለ ውይይት ዝም አላለም። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ረቂቁ ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። ችግሩ አዳራሽ ውስጥ ነው። ባለ ብዙ ቀለም ካርታ ግድግዳው ላይ ይበራል፣ ባለሙያው በቴክኒክ ቃል ያብራራል፣ ከኋላ አንዲት እናት ተነስተው «የኔ ቤት ይነሳል ወይስ አይነሳም?» ይላሉ። «እሱ በዝርዝር ጥናት ይታያል» ይባላሉ። ከዚያ ሻይ።

ጥያቄው መልስ ካጣ ነገሩ ከአዳራሽ ውጭ ይፈነዳል። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞችን ያጣመረው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ አስነሳ። የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ጥር 2008 ላይ ፕላኑ ተሰረዘ። መሬቱ የገበሬ ነበር፤ ገበሬው ግን ስለ መሬቱ የሰማው ካርታው ካለቀ በኋላ ነው። ከተማና ዙሪያዋ በውሃ፣ በቆሻሻና በመንገድ የተሳሰሩ ስለሆኑ አብሮ ማቀድ ዛሬም አይቀርም።

ስለዚህ ቀጣዩ ረቂቅ ለውይይት ሲቀርብ ካርታው ስንት ቀለም እንዳለው ትታችሁ ይህን ጠይቁ፦ ከዚህ በፊት በነዋሪ አስተያየት የተቀየረ መስመር አለ? የቱ ነው? አሳዩን።