ኔትወርኪንግ ምንድን ነው? «ሰው አለህ?» ከሚባለውስ በምን ይለያል?

ድሬዳዋ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ቶሎ የሚገጥመው ጥያቄ «ሰው አለህ?» የሚል ነው። ሰው ሲባል እዚህ ላይ ዘመድ ነው፣ አበልጅ ነው፣ የአባት ወዳጅ ነው፤ ወንበር ላይ ያለና ስልክ አንስቶ ነገር የሚያቀልል። ኔትወርኪንግ የሚለው ቃል ሲመጣ ብዙዎቻችን ከዚሁ ጋር ደባለቅነው። ስለዚህ አንዱ ይጸየፈዋል፤ ሌላው ደግሞ «አቦ፣ እኔ ሰው የለኝም» ብሎ ሳይጀምር ይተወዋል።

ኔትወርኪንግ በሙያ ዙሪያ ሰው ማወቅ፣ በምትሠራው መታወቅና መረጃ መለዋወጥ ነው። «ሰው አለኝ» የሚል ውለታ ይፈልጋል። ኔትወርኪንግ የሚፈልገው ወሬ ነው፦ የት ምን ዓይነት ባለሙያ ጠፋ፣ የትኛው የምስክር ወረቀት ዋጋ አለው፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ምን ይጠየቃል። ወሬውን ይዞ የሚወዳደረው ባለቤቱ ነው።

ወሬው ከማን ይመጣል? አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ላሳተመው ጥናት ቦስተን አጠገብ በምትገኘው ኒውተን ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን ይህንኑ ጠይቆ ነበር። በሰው በኩል ሥራ ካገኙት ውስጥ ያንን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው። 55.6 በመቶዎቹ አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶዎቹ ደግሞ ከስንት አንዴ የሚያገኙት ሰው ነበር። ለድሬ ልጅ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር አብረው የሚያመሹ አምስት ጓደኛሞች የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፤ ጠዋት አንዱ የሰማውን ማታ ሁሉም ያውቀዋል። መጋላ ገበያ ዛሬ ምን እንደገባ የሚነግራቸው የደቻቱን ወንዝ እየተሻገረ የሚመላለስ፣ መንገድ ላይ ብቻ ሰላም የሚሉት ሰው ነው።

ውጭ አገር ያለው ወገናችን ላይ ይህ በደንብ ይታያል። ዋሽንግተንም ይሁን ቶሮንቶ፣ እድሩ፣ እቁቡና የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር አዲስ ለመጣ ሰው መኝታ ያገኝለታል፣ የመጀመሪያ ሥራውን ያስይዘዋል፣ ሐዘን ሲደርስ አብሮት ይቀመጣል። ይህን የሚተካ ነገር አላውቅም። ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ሥራ ላይ ካለ ሊነግረው የሚችለውም ያንኑ ሥራ ነው። ድሬዳዋ ሰቢያን ሰፈር የሚኖሩ ጎረቤቶቼ ልጅ እዚህ በሲቪል ምህንድስና ተመርቆ ሄዶ አራት ዓመት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠራ። ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ሊሳለም ሲመጣ እንዳጫወተኝ፣ መንገዱ የተከፈተው በአንድ ክርስትና ላይ ነው። አጠገቡ የተቀመጠ የማያውቀው እንግዳ «ምን ትሠራለህ?» ሲለው አላድበሰበሰም፦ «ሙያዬ የውኃ ማፋሰሻ ንድፍ ነው፤ አሁን ግን የማቆሚያ ሠራተኛ ነኝ»። ሰውየው መሐንዲስ አልነበረም። አንድ የግንባታ ቢሮ የሚያውቅ ሰው ብቻ ያውቅ ነበር።

በእኔ እምነት ትልቁ እንቅፋታችን እዚህ ጋ ነው። «ሥራ እንዴት ነው?» ስንባል መልሳችን «ተመስገን» ነው። ጨዋ መልስ ነው፤ ወሬው ግን እዚያው ያልቃል። ስለ ራስ መናገር እንደ ጉራ ስለሚቆጠር አሥር ዓመት አብሮ ቡና የጠጣ ሰው የጓደኛውን ሙያ ላያውቅ ይችላል። ሙያን መናገር ጉራ አይደለም። አናጢም «ቁም ሳጥን እሠራለሁ» ካላለ ማን ያዘዋል?

ሌላው ስህተት በተቃራኒው ነው፤ ሊንክድኢን በሚባለው የባለሙያዎች መገናኛ ድረ ገጽ ላይ የማያውቁትን ሰው ሁሉ መደርደር። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመና ከ20 ሚሊዮን በላይ የሊንክድኢን ተጠቃሚዎችን ያካተተ ጥናት በጣም የጠቀመው መካከለኛው ትውውቅ መሆኑን አሳይቷል፦ የቅርብ ወዳጅ ያልሆነ፣ ጭራሽ ባዕድም ያልሆነ። የድሮ የክፍል ጓደኛ፣ የቀድሞ አለቃ፣ የሰፈር ልጅ ባል።

የድሬ ሰው ለዚህ እንግዳ አይደለም። ከተማዋ ራሷ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ፣ ሕንዱ ከአገሬው ጋር አብሮ ኖሮባታል። ዛሬም ታክሲ ላይ ኦሮምኛ ጀምሮ በሶማልኛ ቀጥሎ በአማርኛ የሚጨርስ ሞልቷል። ከማያውቁት ሰው ጋር ወሬ መጀመር እኛ ዘንድ ትምህርት አይፈልግም። የሚጎድለው ወሬውን ወደ ሙያ ማዞርና በኋላ መከታተል ነው።

ጥያቄው ትንሽና የተለየ ይሁን። «ሥራ ካለ እባክህ» የሚል መልእክት ተቀባዩን ጭንቅ ውስጥ ይከታል፤ ምን ብሎ ይመልስ? «ሎጂስቲክስ ተምሬ ጨርሻለሁ፤ ነፃ የንግድ ቀጠና ውስጥ መሥራት እፈልጋለሁ። አንተ ዱባይ እዚሁ ሙያ ላይ ስላለህ፣ የትኛውን ሶፍትዌር ብለምድ እንደሚሻል 15 ደቂቃ ብትነግረኝ?» የሚለው ግን ማንም ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ ነው። ከተነገረህ በኋላ በማግሥቱ አመስግን፤ ምክሩን ሞክረህ ምን እንዳገኘህም ከወር በኋላ ጻፍለት። መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዴ ማስታወስ ነውር የለውም።

የጎረቤቶቼ ልጅ አሁን ከድሬ ብዙ መልእክት ይደርሰዋል። አብዛኛው «ሰላም ነው? ጠፋህ» ይላል። እሱም ሁልጊዜ «ምን ልርዳህ?» ብሎ ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ ዝም የሚሉት ይበዛሉ። ያ ዝምታ ነው የሚያሳዝነኝ።