በጣትና በጆሮ ማንበብ፦ ኅትመት ለሚቸግራቸው ተማሪዎች በወሎ

መጽሐፍ ለሁሉም ሰው እኩል አይገለጥም። ዓይነ ስውር ተማሪ ገጹን አያየውም። ጭላንጭል የምታይ ተማሪ ፊደሉ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ይርመሰመስባታል። እጁ የማይታዘዝለት ልጅ መጽሐፉን ይዞ ገጽ መግለጥ ያቅተዋል። ዓይኑ ደህና ሆኖ ፊደል የሚደበላለቅበትም አለ። ባለሙያዎች ዲስሌክሲያ ይሉታል። ሰፈር ውስጥ ግን «ሰነፍ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ለእነዚህ ልጆች ትምህርቱ አልከበዳቸውም። እንቢ ያላቸው ወረቀቱ ነው።

ታዲያ ያንኑ ጽሑፍ በሚመቻቸው መልክ ማቅረብ ይቻላል። በብሬል ማለትም በጣት በሚዳሰስ የነጥብ ጽሑፍ፣ በትልልቅ ፊደል በታተመ ወረቀት፣ በተቀዳ ድምፅ፣ ወይም ስልክና ኮምፒውተር ጮክ ብለው በሚያነቡት ፋይል። ወሎ ውስጥ ግን ከአራቱም በላይ ሥራውን የተሸከመ አምስተኛ መንገድ አለ፤ እሱም ጓደኛ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የቃል ትምህርት አገር

ለወሎ በጆሮ መማር አዲስ ነገር አይደለም። በቤተ ክህነቱ በኩል ዋድላ የቅኔ አገር ነው። ከጎጃሞቹ ዋሸራና ጎንጅ ጋር ስሙ አብሮ ይነሣል። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን የሚቆጥረው በልቡ፣ ለየኔታ የሚነግረውም በቃሉ ነው። በእስልምናው በኩል ዳናንና ጀማ ንጉሥን የመሰሉ ስመ ጥር የዒልም፣ ማለትም የሃይማኖት ትምህርት፣ ቦታዎች አሉ። ቁርኣን በሒፍዝ ይያዛል። መንዙማው ከአፍ ወደ ጆሮ ይሻገራል። እንዲህ ባለ ትምህርት ውስጥ ዓይነ ስውር የቆሎ ተማሪ ወይም ደረሳ ከባልንጀሮቹ ጎን ቁጭ ብሎ መማር ይችላል። ተምሮም ያስተምራል።

ነገሩን ማሳመር አልፈልግም። በቃል የሚይዘውን ሁሉ የሚያስይዘው ሌላ ሰው ነው፤ መምህሩ ካልመጣ ትምህርት የለም። ቢሆንም ያ ትምህርት ዓይንን የመግቢያ ፈቃድ አላደረገም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ጥቁር ሰሌዳ መጣ። መማሪያ መጽሐፍ መጣ። ፈተናውም ወረቀት ሆነ። ያኔ በልቡ ዳዊት የሚደግም ልጅ «ማንበብ አይችልም» ተባለ።

ቁጥሩ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የተካሄደው ሀገር አቀፍ የዓይን ጥናት፣ ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ እይታው የደከመ እንደሆነ አሳይቷል። ለዓይነ ስውርነት ትልቁ ምክንያት የዓይን ሞራ ነው፤ ግማሽ ያህሉን ይይዛል። ትራኮማ ያመጣው የዓይን ጠባሳ ደግሞ 11.5 በመቶ ነው። የአማራ ክልል ትራኮማ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዓይን ሕክምናው የሚታወቀውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ስድስት ነጥብ

ሉዊ ብሬል እ.ኤ.አ. በ1809 ፈረንሳይ ውስጥ ተወለደ። አባቱ የፈረስ ዕቃ የሚሠሩ ቆዳ ሰፊ ነበሩ። ልጁ በሦስት ዓመቱ በአባቱ ወስፌ ሲጫወት ዓይኑን ወጋው። ቁስሉ ወደ ሌላኛው ዓይን ተዛመተና ሁለቱም ጠፉ። በ15 ዓመቱ በስድስት ነጥብ የሚጻፍ ፊደል ቀመረ። እ.ኤ.አ. በ1829 አሳተመው። ዛሬ ብሬል የሚጻፍበት ስታይለስ ጫፉ የሾለ መውጊያ ነው። የወስፌ የቅርብ ዘመድ ልንለው እንችላለን።

ስድስቱ ነጥቦች ሲገጣጠሙ 63 ቅርጽ ይሰጣሉ። የእኛ ፊደል ደግሞ 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። ስለዚህ ለያንዳንዱ ፊደል አንድ ቅርጽ መስጠት አይቻልም። የአማርኛ ብሬል መላ ያገኘው ተነባቢውንና አናባቢውን ለያይቶ በመጻፍ ነው። «ወሎ» በወረቀት ላይ ሁለት ፊደል ነው። በብሬል አራት ቦታ ይይዛል። የብሬል ወረቀት ወፍራም ነው፤ ነጥቡም መስመሩም ሰፊ ነው። በእንግሊዝኛ እንኳ አንድ የኅትመት ገጽ ሁለትና ሦስት የብሬል ገጽ ይወጣዋል። አንድ የታሪክ መማሪያ መጽሐፍ በብሬል ሲታተም በቦርሳ አይያዝም። በየጥራዙ ተከፋፍሎ መደርደሪያ ይሞላል።

ተማሪው ራሱ የሚጽፈው በስሌትና በስታይለስ ነው። ስሌቱ ወረቀቱን ቆንጥጦ የሚይዝ፣ ረድፍ ረድፍ መስኮት ያለው ሰሌዳ ነው። ነጥቡ ከጀርባ ስለሚወጋ የሚጻፈው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ወረቀቱ ሲገለበጥ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። አንድ ልጅ ይህን ሁሉ ለምዶ መምህሩ በሚናገርበት ፍጥነት ማስታወሻ ሲይዝ፣ ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ ከክፍሉ ጥግ ይሰማል። ፐርኪንስ የሚባለው የብሬል መጻፊያ መኪና ይህን በጣም ያቀለዋል፤ ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም።

በአንደኛ ደረጃ ይህ ሥራ በአብዛኛው የሚያርፈው በልዩ ፍላጎት መምህሩ ላይ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። በጉድኝት ማዕከል ትምህርት ቤት ውስጥ ሪሶርስ ሴንተር ይቋቋማል። የብሬል ወረቀት፣ ስሌት፣ የሚዳሰስ ካርታና የመሳሰለው እዚያ ይቀመጣል። በዙሪያው ያሉ ትምህርት ቤቶችም ከዚያው እንዲጠቀሙ ይታሰባል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። የወሎን መልክዓ ምድር ግን አስቡት። ከደላንታ ወይም ከመቅደላ ገደላ ገደል አንድ የስምንት ዓመት ዓይነ ስውር ልጅ ማዕከሉ ድረስ በየቀኑ ማን ይመራዋል? ስለዚህ ብዙዎቹ ዘመድ ቤት ተጠግተው ወይም ቤት ተከራይተው ከተማ መቀመጥ ይኖርባቸዋል። እቃው ሲጎድል መምህሩ ራሱ ይፈጥራል። ክር በሙጫ ለጥፎ የወንዝ መስመር ይሠራል። ምስርና ባቄላ ደርድሮ ከተሞችን ያመለክታል።

ጭላንጭል የሚያዩት

እነዚህ የሚረሱት ናቸው። ከላይ ያለውን ቁጥር መልሳችሁ ተመልከቱት። እይታቸው የደከመው ከዓይነ ስውራኑ ከእጥፍ በላይ ናቸው። ነጭ በትር ስለማይዙ ማንም ልብ አይላቸውም። አንዲት ልጅ መጽሐፉን አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ስታነብ መምህሩ «ቀና በይ!» ይላታል።

ለእነሱ የሚያስፈልገው ነገር ርካሽ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ኤ4ን ወደ ኤ3 ማስፋት ይቻላል። ማሽኑ ላይ 141 በመቶ የሚለው ነው። መጠኑ 12 የነበረ ፊደል ወደ 17 ያድጋል። 18 ደግሞ ለትልቅ ኅትመት የተለመደው መነሻ ነው። የመስኮት አጠገብ ወንበር፣ ወፍራም ጥቁር እስኪርቢቶ፣ በደንብ የጠቆረ ሰሌዳ ቢጨመርበት ብዙ ልጆች የሚተርፉ ይመስለኛል። ፕሮጀክት ተቀርጾ በጀት እስኪለቀቅ መጠበቅ የማያሻው ነገር ካለ ይሄ ነው።

ጓደኛ

ደሴና ኮምቦልቻ ካምፓሶች ያሉት ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ወልድያም ዩኒቨርሲቲ አላት። በደሴም በወልድያም የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች አሉ። እንዲህ ባሉ ግቢዎች ዓይነ ስውር ተማሪዎች በብዛት ወደ ሕግ፣ ወደ ቋንቋ፣ ወደ ታሪክና ሲቪክስ ያዘነብላሉ። ሁሉም ወረቀት የሚበዛባቸው ናቸው። መምህሩ ሃንድአውቱን ፎቶ ኮፒ ቤት ያስቀምጣል። ሌላው ተማሪ በብር ይገዛዋል። ዓይነ ስውሩ ተማሪ ይገዛውና አንባቢ ፍለጋ ይወጣል።

አንባቢው የዶርም ልጅ ነው፣ የክፍል ልጅ ነው፣ አንዳንዴ የማታውቀው በጎ ፈቃደኛ ነው። ወሎ ላይ «አንብቢልኝ» ስትባል እንቢ የምትል ብዙ አትገኝም። «አብሽር፣ እራት በልተን እናነባለን» ትላለች። ችግሩ የሚመጣው የፈተና ሳምንት ነው። ሁሉም የራሱን ያጠናል። እሱም ማንበብ የሚፈልገው ልክ በዚያን ሰዓት ነው። ደግሞ ሰው ይደክመዋል። አንባቢ ሲደክመው ይፈጥናል፣ መስመር ይዘላል፣ «ይቺ አታስፈልግም» ብሎ ያልፋል። ያ ገጽ አስፈላጊ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው እንግዲህ አንባቢው ሆነ ማለት ነው። ፈተና ላይ ደግሞ ጥያቄውን የሚያነብለትና መልሱን የሚጽፍለት ሰው የትምህርቱን ቃላት የማያውቅ ከሆነ የተማሪው ውጤት በሌላ ሰው አንደበት ይበላሻል።

ስለዚህ ብዙዎች አንባቢውን ይቀዱታል። ድሮ በካሴት ነበር፤ ዛሬ በስልክ ነው። ፋይሉ በቴሌግራም ይላካል። አንዴ የተቀዳ ሃንድአውት ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪም ይደርሳል። ጥሩ ቀጂ ርዕሱንና የገጹን ቁጥር ጠርቶ ይጀምራል። ሠንጠረዡን በረድፍ ያነባል። ሥዕል ሲያጋጥመው በሁለት ዓረፍተ ነገር ይገልጸዋል። የራሱን አስተያየት አይጨምርም። በደሴ ክረምት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሙያ ያስፈልገዋል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቀረጻውን ማቆም።

የድምፅ ጉድለቱ ፊደሉን አለማሳየቱ ነው። እንግሊዝኛ ላይ ይብሳል። «ናይት» ሲባል ሌሊቱ ነው ፈረሰኛው? በጆሮ ብቻ የተማረ ተማሪ ወረቀት ላይ ሲመጣ ይቸገራል። ብሬል ዛሬም የማይተካው ለዚህ ነው።

የሚናገር ስልክ፣ የማይነበብ ፋይል

ስክሪን አንባቢ ፕሮግራም ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነባል። በኮምፒውተር ጆውስ የሚባለው ውድ ነው። ኤንቪዲኤ ደግሞ ሁለት ዓይነ ስውር አውስትራሊያውያን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመሩት ሲሆን በነፃ ይገኛል። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ቶክባክ አለ። አማርኛውን ኢስፒክ የሚባለው ነፃ ድምፅ ያነበዋል። ድምፁ የቆርቆሮ ዓይነት ነው፤ ግን ይለመዳል። ማይክሮሶፍትም መቅደስና አምሃ የሚሰኙ የአማርኛ ድምፆች አሉት። የእነሱ ለጆሮ ይጥማል። ኢንተርኔት መፈለጉ ነው እንከኑ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተገልብጧል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ለእንግሊዝኛ ደግሞ የሚናገር ፕሮግራምም ዲጂታል መጽሐፍም ሞልቷል። ንባብ የሚለመድበት የታችኛው ክፍል ግን በአማርኛ ነው። ልጁ ድጋፍ በጣም በሚያስፈልገው ዕድሜ የሚያገኘው ትንሹን ነው።

ፋይሉ ራሱም ይከዳል። ብዙ ሃንድአውት ፎቶ የተነሣ ወረቀት እንጂ ጽሑፍ አይደለም። ፒዲኤፍ ይሁን እንጂ ስክሪን አንባቢው ባዶ ገጽ ነው የሚያገኘው። ፎቶውን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አማርኛም ያውቃሉ፤ ወረቀቱ የደበዘዘ ወይም የተንጋደደ ከሆነ ግን ፊደል ያምታታሉ። ሁለተኛው ጉድ የድሮ ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉት በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጽ እየደረቡ ይሠሩ ነበር። ለዓይን አማርኛ ነው። ለስክሪን አንባቢው ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ዝርግፍ ነው። በየቢሮው እስከ ዛሬ እንዲህ የሚጽፍ አለ። ጸሐፊው በዩኒኮድ ቢጽፍ ምንም ተጨማሪ ብር አያወጣም። አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ግን ያንን ፋይል ብቻውን ያነበዋል።

ሕጉ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አካል ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ያዛል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። ለንባብ በቀጥታ የሚመለከተው ግን የማራካሽ ስምምነት ነው። ሰኔ 2013 እ.ኤ.አ. ሞሮኮ ውስጥ ተፈረመ፤ በ2016 ሥራ ላይ ዋለ፤ ኢትዮጵያም በ2020 ገባችበት። ስምምነቱ የተፈቀደላቸው ተቋማት የደራሲውን ፈቃድ ሳይጠይቁ መጽሐፍን ወደ ብሬል፣ ወደ ድምፅ ወይም ወደሚነበብ ፋይል ለትርፍ ሳይሆን እንዲቀይሩ ይፈቅዳል። ከአገር ወደ አገር መላላክም ይቻላል። ለዓይነ ስውራን ብቻም አይደለም፤ ዲስሌክሲያ ያለበትንና መጽሐፍ መያዝ የማይችለውንም ያካትታል።

ሕጉ ወረቀት አይገዛም፣ የብሬል መጻፊያ መኪና አይጠግንም። የብሬል ወረቀት ከአዲስ አበባ ደሴ ለመድረስ 400 ኪሎ ሜትር መጓዝ አለበት፤ ወልድያ ለመድረስ ደግሞ ሌላ 120። ከ2013 ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎ ላይ በነበረበት ጊዜ ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል። የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ንብረትም ተዘርፏል፣ ወድሟል። የተሰበረ ወንበር ቶሎ ይተካል። የልዩ ፍላጎት መሣሪያ ግን ተጠይቆ፣ ተጨርቶ፣ ተጓጉዞ ነው የሚመለሰው።

እኔም ተማሪ እያለሁ ለአንድ የዶርም ጓደኛዬ አነብ ነበር። ጎበዝ አንባቢ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ከዓመታት በኋላ ያንኑ ሃንድአውት ሶፍት ኮፒውን አግኝቶ በስልኩ ብቻውን ሰማው። ደወለልኝ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም። «አንተ! ምዕራፍ ሦስት ላይ እኮ ሁለት ገጽ ዘለህብኛል» አለኝ።