«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የተባለው ለማን ነበር?

ፒያሳም ሆነ አራት ኪሎ፣ ሜክሲኮም ሆነ ካዛንቺስ፣ ተጋብተው ሁለት ሦስት ዓመት የቆዩ ወጣቶች ባሉበት የእሁድ ምሳ ላይ ይህ ጨዋታ አይጠፋም። ከዘመድ አንዷ «ምነው ዝም አላችሁ? መቼ ነው የምንስመው?» ብላ ትጀምራለች። ልጅቷ ትንሽ አመንትታ «እትዬ፣ በዚህ ጦርነት፣ በዚህ ኑሮ፣ ሲሠቃይ ለማየት ነው የምንወልደው?» ትላለች። መልሱ አይዘገይም። «ተይ ልጄ! ልጅ በዕድሉ ያድጋል።» ከዚያ ቡና ይቀዳል፤ የተነሳውም ነገር በዚያው ይቀራል።

ልጅቷ የጠየቀችው ትልቅ ጥያቄ ነው። አባባሉም ትልቅ አባባል ነው። ሁለቱ ግን እንዲህ መገናኘት አልነበረባቸውም፤ ምክንያቱም አባባሉ ስለ መውለድ አንድም ቃል የለውም። የሚናገረው ስለ ማደግ ነው፤ ልጁ ተወልዷል፣ እቅፍ ውስጥ አለ። ይውለዱ ወይስ ይቅርባቸው የሚለው ጉዳይ ካለቀ በኋላ የሚባል ነገር ነው። ቦታውን የሚያገኘውም በክርስትና ድግስ ላይ፣ እናት ወይም አባት ሲሞት፣ ወይም አክስት የወንድሟን ልጅ ወስዳ ልታሳድግ ስትነሳ ነው።

ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሳሉ። በብዙ የደጋ ገጠር ከቤተ ክርስቲያን መልስ አያት ወይም የክርስትና አባት ለሕፃኑ ከብት ይሰጣል። በኦሮሞ ዘንድም አባት ለልጁ የሚሰጠው ከብት ሀንዱራ ይባላል፤ እትብትም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።

የምትሰጠው ግን የምትጠባ ጥጃ አይደለችም። ጥጃ በመጀመሪያ ዓመቷ ተቅማጥ፣ ብርድና የወተት እጥረት በቀላሉ ይወስዷታል። ስለዚህ ጡት የጣለች፣ ሁለት ዓመት ገደማ የሆናት ጊደር ትመረጣለች። ያገራችን ላም የመጀመሪያዋን የምትወልደው አራት ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው። እርግዝናዋ ዘጠኝ ወር ነው፤ ከአንዱ ወሊድ እስከ ሌላው ሁለት ዓመት ያህል ትቆያለች። እንግዲህ ይሰላ። ልጁ ሁለት ዓመት ሲሞላው ላሟ አንድ ትወልዳለች፤ ነገሩ ከሰመረ በአራት፣ በስድስት፣ በስምንትና በአሥር ዓመቱም ትደግማለች። ከአምስቱ ሁለቱ ቢሞቱ ሦስት ይተርፋሉ። ወንድ የሆነው ጥጃ አራት ዓመት ገደማ ሲሞላው ቀንበር ይለምዳል። ልጁ ለአካለ መጠን ሲደርስ ቢያንስ አንድ በሬ በደጁ አለ። ቢቀናው ጥማድ ይኖረዋል፤ ባይቀናው አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር በመቀናጆ ያርሳል። በሬ ጭራሽ የሌለው ወጣት ግን መሬት እንኳ ቢኖረው ጉልበቱን ሰጥቶ የሰው በሬ ሲለምን ዘሩ ያልፍበታል። ለሴት ልጅ ደግሞ ላሟና የወለደቻቸው ስትዳር ይዛቸው የምትሄደው ሀብቷ ናቸው።

ደንቡም ግልጽ ነው። ወተቱ የቤቱ ነው፤ ልጁም ይጠጣዋል። የምትወልደው ግን የልጁ ነው። ግጦሽ ያነሰው ቤት ላሟን ለዘመድ በርቢ ይሰጣታል፤ ጠባቂው ወተቱን ያገኛል፣ የተወለደውን ከባለቤቱ ጋር እኩል ይካፈላል። ጊደር መስጠት የማይችል አያት በግ ይሰጣል፤ በግ አምስት ወር አርግዛ ትወልዳለችና በልጁ ሁለተኛ ዓመት ትንሽ መንጋ ልትሆን ትችላለች። በግም ያጣ ዶሮ ይሰጣል፤ 12 ያህል እንቁላል ታቅፋ በ21 ቀን ትፈለፍላለች። ትልቁም ትንሹም ስጦታ አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ምስክር። ሕፃኑ አይናገርምና ጊደሯ የማን እንደሆነች የሚያውቁ ሰዎች መኖር አለባቸው። ጆሮዋ ላይ ምልክት የሚደረገው፣ በድግሱ መካከል «ይህች የልጁ ናት» ተብሎ የሚነገረው ለዚህ ነው።

እኔ እንደማምነው አባባሉ የተወለደው እዚህ ቦታ ላይ ነው። ልጁ «በዕድሉ» የሚያድገው በተሰጠው ድርሻ፣ ሰው አይቶ በመሰከረለት ሀብት ነው። ከሰማይ ይወርዳል የተባለ ነገር አይደለም፤ በረት ውስጥ ቆሞ የሚያመሰኳ ነው።

የርስቱ ሥርዓትም ይህን ያጠናክርልኛል። በጎንደር፣ በጎጃምና በሌላውም የርስት አገር ወንድም ሴትም ልጅ በአባትም በእናትም በኩል መሬት የመጠየቅ መብት ነበረው። ያባቱ አገር ቢጠብበት የናቱን ዘመዶች «ድርሻዬን» ማለት ይችል ነበር። ወራሾች ሲከፋፈሉም ዕጣ የመጣል ልማድ ነበር። ክርክሩ ማለቂያ የለውም፤ የልጅ ልጅ ድረስ ይወርዳል፤ ልጁ ግን ባዶ እጁን አልመጣም። አባባሉ በእንዲህ ያለ አገር ቢባል እውነት ነበር። ጭሰኛ ቤት ሲሄድ ግን ይጎድላል። ከምርቱ እርቦ፣ ሲሶ፣ አንዳንዴም እኩሌታውን ለባለመሬት የሚከፍል ሰው ልጁ ሲወለድ የሚመድብለት መሬት አልነበረውም። የዚያ ቤት ልጅ ያደገው በእናቱ ረኀብ ነው፤ ይህን ዕድል ማለት ነውር ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነገሩን ሁሉ ቀየረው። ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይኖር ተወሰነ፤ የገበሬ ማኅበራትም ሲያከፋፍሉ የቤተሰቡን ብዛት አዩ። ልጅ የበዛበት ቤት ሰፋ ያለ መሬት አገኘ። አባባሉ በዚያ ወቅት በቀበሌ መዝገብ ላይ ሳይቀር ይሠራ ነበር ማለት ይቻላል። ግን መሬት አይወልድም። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. ዳግም ክፍፍል ከተደረገ ወዲህ ለአቅመ አዳም የደረሰ ወጣት በአብዛኛው የሚጠብቀው ያባቱን ቁራሽ መሬት ነው።

ከብቱም የሚከዳበት ጊዜ አለ። አባ ሰንጋ አለ፤ አባ ጎርባ አለ፤ ሁለቱም ከብት ገዳይ በሽታዎች ናቸው። በድርቅ ዓመት ሁሉም በአንድ ጊዜ ከብቱን ገበያ ስለሚያወጣ የከብት ዋጋ ይወድቃል፣ የእህሉ ይወጣል፤ የልጁ ላም በጥቂት ቁና እህል ትሄዳለች። አባት እንጀራ እናት ሲያመጣ ምስክሮቹ ዝም ካሉ ላሟ ከቤቱ መንጋ ተቀላቅላ ትቀራለች። ከሁሉም የከፋው ክፉ ቀን የተባለው ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የከብት ደስታ በሽታ የአገሩን ከብት ፈጀው፤ በሬ ጠፍቶ እርሻው ጦም አደረ፣ ድርቅና አንበጣ ተጨመሩበት፣ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። በዚያ ዘመን ጊደር የተሰጠው ሕፃንም ጊደሯም አብረው አለቁ። አባባሉን ያቆዩልን ሰዎች ይህን ያዩ ሰዎች ናቸውና ዕድል የማይበጠስ ገመድ ነው ብለው ያምኑ ነበር ብሎ ማሰብ ይከብደኛል።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልመለስ። «መከራ ባለበት ዓለም መውለድ ተገቢ ነው ወይ?» ማለት ከውጭ የመጣ ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። ኢዮብ በምዕራፍ 3 የተወለደበትን ቀን ረግሟል። መክብብ በምዕራፍ 4 ከሕያዋንም ከሙታንም ያልተወለደውን የተሻለ ብሎታል። «ምነው ባልተፈጠርኩ» የማንም እናት አፍ የሚያውቀው እንጉርጉሮ ነው። ሳይወልዱ መኖርም ቢሆን በዚሁ ባህል ክብር አለው፤ ደብረ ሊባኖስ የመነኮሰውን ማን መካን ብሎ ይሰድበዋል?

በዘመናችን ነገሩን በጥብቅ ያቀረበው ደቡብ አፍሪካዊው ፈላስፋ ዴቪድ ቤናታር ነው። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። የማይኖር ሰው ሥቃይ አይደርስበትም፤ ይህ ማንም ባያጣጥመው እንኳ መልካም ነው። የማይኖር ሰው ደስታም ያጣል፤ ግን የጎደለበት ሰው ስለሌለ ይህ ጉዳት አይደለም። ሁለቱ ሚዛን ላይ ሲወጡ አለመወለድ ሁልጊዜ ያደላል ይላል። እኔ እስከ መጨረሻው አልከተለውም። በሕይወት ያለ ሰው፣ መከራ ያየውም ሳይቀር፣ ኑሮውን ውድ አድርጎ ሲይዘው አያለሁና ይህን ምስክርነት ከሚዛኑ ማውጣት ትክክል አይመስለኝም። አንዱን ነጥቡን ግን መካድ አይቻልም፤ የሚወለደው ልጅ ፈቃዱን አልተጠየቀም። ጊደርም ትሁን ርስት ለዚህ መልስ አይሆኑም። የሀብታም ልጅም ይታመማል፣ ይቀብራል፣ ይቀበራል። አባባላችን ይህን አስቀራለሁ አላለም። የሚለው ከዚህ ያነሰ፣ ግን የሚጨበጥ ነገር ነው፤ ሳይጠየቅ ለመጣው ልጅ ድርሻውን አስቀምጠናል፣ ምስክሮቹም እኛ ነን።

ስለዚህ «ልጃችን ምን ይጠብቀዋል?» የሚሉት ባልና ሚስት የአያቶቻችንን ጥያቄ ነው የያዙት። ያ አያት ለክርስትናው ጊደር ሲመርጥ ጥርሷን አይቶ፣ እናቷ የወለደችውን ቆጥሮ ነበር። እነሱም የቤት ኪራዩን፣ የሞግዚቱን፣ የትምህርት ቤቱን ክፍያ ይቆጥራሉ።

መሀል አዲስ አበባ ውስጥ ድርሻው ምን ነበር ቢባል፣ አንድ ግቢ ነበር። አንድ የጋራ ቧንቧ፣ አንድ የጋራ ኩሽና፣ በር ላይ የምትቀመጥ አያት፣ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የሚቆጣ ጎረቤት፣ አባት ሲሞት ድንኳን የሚተክል ዕድር። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርሱ ብዙው ነዋሪ ወደ ከተማዋ ዳር ሄዷል፤ አዲስ ቤት ያገኘውም ቢሆን አያቷንና ጎረቤቱን በአንድ ፎቅ አላገኛቸውም። ወጣቶቹ መቁጠር የጀመሩት ግን ከዚያ በፊት ነው። በ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት የአዲስ አበባ ሴት በሕይወት ዘመኗ የምትወልደው በአማካይ 1.8 ልጅ ሲሆን ያገሪቱ ደግሞ 4.6 ነበር። የሕዝብ ቁጥር ባለበት እንዲቆይ 2.1 ያስፈልጋል። ይህ የሰነፎች ወይም የፈሪዎች ቁጥር አይደለም፤ ጋብቻው የዘገየበት፣ ቤቱ የጠበበበት ከተማ ቁጥር ነው።

አባባሉን የሚወረውሩ ዘመዶች አንድ ስሌት ቢያዩ ደስ ይለኛል። የሠራተኛ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 1156/2011) ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ለአባት 3 ቀን። የጤና ባለሙያ ደግሞ ሕፃኑ እስከ ስድስት ወሩ ከጡት በቀር ምንም አይቅመስ ይላል። መሀል ላይ ሦስት ወር ይጎድላል። እናት ጡቷን አልባ ወተቱን ትታ ልትሄድ ትችላለች፤ የታለበ ወተት ክፍል ውስጥ አራት ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ አራት ቀን ይቆያል። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ አይታመንም፤ የሚያጠባው ሰው እጁን ካልታጠበ ተቅማጥ ይከተላል። ማን ይታጠብ? ማን ያጥባ? ማን ይቀመጥ? አያት ሩቅ ናት፤ ለሞግዚት ደግሞ ከደመወዙ የሚተርፍ የለም።

እዚህ ጋ ነው ዕድሉ የሚያስፈልገው። የክርስትና አባት ሆኖ ኬክ አስቆርሶ፣ በሦስት ወር የሚጠብ ልብስ ሰጥቶ መሄድ ድርሻ ማስቀመጥ አይደለም። «ማክሰኞና ሐሙስ ልጁን እኔ እይዛለሁ» ማለት ድርሻ ነው። በልጁ ስም የቁጠባ ሂሳብ ተከፍቶ በየወሩ ትንሽ መጨመር ድርሻ ነው፤ ለዚህ የልደት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋልና ልደቱን በ90 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ፣ ወላጆች ሲደክሙ አብሮ ወረፋ መያዝም ድርሻ ነው። ወላጅ ላጣ ልጅ በጉዲፈቻ ቤትን መክፈት ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሳይጠየቅ መጥቶ ድርሻ ያጣው እሱ ነውና። እንዲህ ያደረገ ሰው «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ሲል እሰማዋለሁ። ገና ሊወልዱ ወይም ላይወልዱ እያሰቡ ያሉትን ለማስጨነቅ፣ ምንም ሳይሰጡ ይህን ማለት ግን ይቅር። ዝም ብሎ ቡናውን መጠጣት ይሻላል፤ ወይም የተጠየቀውን ጥያቄ አብሮ ቁጭ ብሎ ማሰብ።