ዋይፋይ ለምን ይንቀራፈፋል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ የተለመደው መፍትሔ ራውተሩን ነቅሎ መሰካት ነው። ካልተሻለው አቅራቢው ጋ ደውሎ መቆጣት፣ እሱም ካልሆነ አዲስ ራውተር መግዛት ይከተላል። ሦስቱም አንዳንዴ ይሠራሉ፤ የትኛው መቼ እንደሚሠራ ሳያውቁ መሞከር ግን ጊዜም ገንዘብም ይበላል። ዳታው ስልክዎ ላይ የሚደርሰው ሁለት መንገድ አልፎ ነው፦ ከውጭ እስከ ራውተሩ በመስመር፣ ከራውተሩ እስከ ስልኩ በአየር። ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ሁለቱን መንገዶች እንደ አንድ ከመቁጠር የሚመጡ ናቸው።

«የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ ነው፤ ስለዚህ ኢንተርኔቱ ደህና ነው»

ምልክቱ የሚያሳየው ስልኩ ራውተሩን ምን ያህል አጥርቶ እንደሚሰማ ብቻ ነው። የውጭው መስመር ተቆርጦም ሙሉ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ምንም ሴቲንግ ሳይነኩ ጥፋቱ የየትኛው ወገን እንደሆነ ይለዩ። ላፕቶፕዎን ራውተሩ ላይ «ላን» ከተባሉት ቀዳዳዎች ባንዱ በኬብል ያገናኙ፣ የላፕቶፑን ዋይፋይ ያጥፉ፣ ስልኮቹንና ቴሌቪዥኑን ከኔትወርኩ ያስወጡና ፍጥነቱን ይለኩ። ቀጥሎ ኬብሉን ነቅለው ከራውተሩ 2 ሜትር ያህል ርቀው በዋይፋይ ይለኩ። በመጨረሻ ኢንተርኔቱ የሚያስቸግርበት ክፍል ገብተው ይድገሙት።

በኬብልም ቀርፋፋ ከሆነ ዋይፋዩን አይነካኩት፤ ጥፋቱ የመስመሩ፣ የኬብሉ ወይም የራሱ የራውተሩ ነው። በኬብል ደህና ሆኖ 2 ሜትር ላይ ከወረደ ቻናሉን (ራውተሩ የሚያስተላልፍበትን የሬዲዮ ሞገድ) ወይም የላፕቶፑን የዋይፋይ ካርድ ይጠርጥሩ። ክፍሉ ውስጥ ብቻ ከሞተ ጉዳዩ የግድግዳና የርቀት ነው። ቁጥሮቹን ከነሰዓታቸው ይጻፏቸው፣ ማታም ደግመው ይለኩ። ቀን ደህና የነበረው የኬብል ልኬት ማታ ማታ ብቻ የሚያሽቆለቁል ከሆነ አቅራቢው ጋ መጨናነቅ አለ ማለት ነው፤ ያንን የትኛውም ራውተር አይፈታውም።

ሌላ ፈጣን መለያ የፒንግ ትእዛዝ ነው፤ አጭር መልእክት ልኮ መልሱ በስንት ጊዜ እንደሚመለስ ይለካል። በዋይፋይ እንደተገናኙ ወደ ራውተሩ አድራሻ (አብዛኛውን ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1) ይላኩ። መልሱ በጥቂት ሚሊሰከንድ መመለስ አለበት። እዚያው ቤት ውስጥ ወዳለ ዕቃ የተላከ መልእክት በመቶዎች ሚሊሰከንድ ከዘገየ ወይም ከጠፋ ችግሩ አየሩ ላይ ነው።

«የ50 ሜጋ ፓኬጅ ገዝቼ በ6 ሜጋ ነው የሚያወርደው፤ ተጭበርብሬያለሁ»

አልተጭበረበሩም። ፓኬጁ የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፤ ፋይል የሚያወርደው ፕሮግራም ደግሞ በሜጋባይት ይቆጥራል። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ 50 ሜጋቢት ለ8 ሲካፈል 6.25 ሜጋባይት በሰከንድ ይመጣል።

እውነተኛው ማጭበርበር ያለው ሌላ ቦታ ነው፣ ኬብሉ ውስጥ። ፓኬጁ ከ100 ሜጋቢት በላይ ሆኖ የኬብል ልኬቱ 94 አካባቢ ላይ ተቸንክሮ ከቀረ ግንኙነቱ በ100 ሜጋቢት እየሠራ ነው። 1 ጊጋቢት ለማስተላለፍ በኬብሉ ውስጥ ያሉት 8 ሽቦዎች በሙሉ ያስፈልጋሉ፤ ለ100 ሜጋቢት 4ቱ ይበቃሉ። አንዷ ሽቦ ጫፉ ላይ ከላላች መሣሪያዎቹ ምንም ሳይናገሩ ወደ 100 ሊወርዱ ይችላሉ። ካት 5ኢ ወይም ካት 6 የተጻፈበት ሌላ ኬብል ይሞክሩ። ካልተለወጠ የራውተሩን ቀዳዳዎች ይመርምሩ፤ ርካሽ ራውተሮች ላይ ሁሉም የ100 ሜጋቢት ብቻ ሆነው ይገኛሉ።

«5 ጊጋኸርዝ ሁልጊዜም ከ2.4 ይሻላል»

ሁለቱ ዋይፋይ የሚጠቀምባቸው የሬዲዮ ሞገድ ክልሎች (ባንዶች) ናቸው። ራውተሩ ባለበት ክፍልና አጠገቡ ባለው፣ አዎ። 5 ጊጋኸርዝ ሰፊና ጭንቅንቁ ያነሰ ነው፤ ግድግዳ፣ በተለይ ኮንክሪት፣ ግን ይጎዳዋል። ሁለት ግድግዳ አልፎ የሚንጠባጠብ 5 ጊጋኸርዝ ከደህና 2.4 ያንሳል። ሁለቱ ባንዶች በአንድ ስም ከተለቀቁ ስልኩ በራሱ ይመርጣል፣ አንዳንዴም ራውተሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ 2.4 ላይ ሙጭጭ ይላል። ሲመረምሩ ሁለቱን ለጊዜው የተለያየ ስም ይስጧቸው።

የሲግናል ጥንካሬ የሚያሳይ መተግበሪያ ካለዎት በዲቢኤም ያንብቡት። ቁጥሩ ኔጌቲቭ ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። እስከ ኔጌቲቭ 50 ድረስ በጣም ጥሩ፣ ኔጌቲቭ 67 አካባቢ ለቪዲዮ የሚበቃ፣ ኔጌቲቭ 80 ላይ ግንኙነቱ አለ ለማለት ብቻ ያለ ነው።

«ጎረቤት ያልያዘውን ቻናል መምረጥ ነው»

ይህ ብልህ የሚመስል ስህተት ነው። 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ቻናሎቹ በ5 ሜጋኸርዝ ልዩነት የተደረደሩ ሲሆን አንድ ዋይፋይ ግን 20 ሜጋኸርዝ ያህል ይይዛል። ጎረቤቶች 1 እና 6 ላይ ሲሆኑ «ባዶ ነው» ብለው 3ን ቢመርጡ የሁለቱንም ጩኸት ይቀበላሉ። አንድ ቻናል ላይ ያሉ ራውተሮች ይሰማማሉ፣ ተራም ይጠባበቃሉ። በከፊል የተደራረቡት ግን አንዱ ለሌላው ጫጫታ ብቻ ይሆንበታል፤ የተላከው ይበላሻል፣ ይደገማል፣ ፍጥነቱም ይወርዳል። ስለዚህ ከ1፣ 6 እና 11 በጣም ደካማ ጎረቤት ያለበትን ይምረጡ። የቻናሉን ስፋትም 20 ላይ ያድርጉት። 40 ወረቀት ላይ እጥፍ ፍጥነት ነው፤ ጎረቤት በበዛበት ሕንፃ ግን የብዙ ሰው ጫጫታ መሰብሰቢያ ይሆናል።

ማይክሮዌቭ ምድጃም የሚሠራው እዚሁ 2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው። ምግብ በሚሞቅበት ሰዓት ብቻ ቪዲዮ የሚቆራረጥ ከሆነ ቻናል አይለውጡ፤ ወደ 5 ጊጋኸርዝ ይሂዱ።

«የራውተሩ ሳጥን ላይ 1200 ተጽፏል፤ አንቴናውም 4 ነው»

1200 የሚባለው የሁለቱ ባንዶች ፍጥነት ድምር ነው፣ በሜጋቢት፤ 300 ከ2.4፣ 867 ከ5፣ ከዚያ ወደ ላይ ተጠጋግቶ። አንድ ስልክ በአንድ ጊዜ ከአንዱ ጋር ነው የሚገናኘው። 867ቱም የአየሩ ከፍተኛ መጠን ነው፤ ተራ መጠበቁና ማረጋገጫ መላኩ ሲቀነስ በተግባር ከግማሹ ብዙም ያልራቀ ይገኛል። አብዛኛው ስልክ ሁለት አንቴና ብቻ ስላለው ራውተሩ ላይ መደርደራቸው የአንዱን ስልክ ጣሪያ ከፍ አያደርገውም።

አቅጣጫቸው ግን ይቆጠራል። ቀጥ ብሎ የቆመ አንቴና ኃይሉን ወደ ጎን ነው የሚረጨው፣ ወደ ጫፉ አይደለም። ፎቅ ለሌለው ቤት ያቁሟቸው፤ ፎቅ ላይም ማዳረስ ካለበት አንዱን ያጋድሙት። ራውተሩን ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ ከብረት ቁምሳጥንና ከመስታወት ያርቁት፤ ከመሬት አንስተው ቤቱ መሃል ያድርጉት።

«ሲግናል በማይደርስበት ክፍል ሪፒተር መሰካት»

የማይሰማውን ነገር ማንም አይደግምም። ሪፒተር (የራውተሩን ሲግናል ተቀብሎ መልሶ የሚያስተላልፍ ዕቃ) የሚቀመጠው በራውተሩና በክፍሉ መካከል፣ ሲግናሉ ገና ጠንካራ በሆነበት ቦታ ነው። በአንድ ባንድ ብቻ የሚሠራ ከሆነ እያንዳንዱን መልእክት ሁለት ጊዜ በአየር ስለሚልክ ፍጥነቱን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ኬብል መዘርጋት ከተቻለ ጫፉ ላይ የሚሰካ አክሰስ ፖይንት (ከኬብሉ ተቀብሎ ዋይፋይ የሚያሰራጭ ዕቃ) ይበልጣል፣ ክርክር የለውም።

«ማንም ፊልም እያየ አይደለም፤ ታዲያ ምን ያጨናንቀዋል?»

ስልኮቹ ፎቶ ወደ ክላውድ እየጫኑ ይሆናል። የመላኪያ ፍጥነት በብዙ ፓኬጆች ከማውረጃው በጣም ያነሰ ነው። እሱ ሲሞላ «ደርሶኛል፣ ቀጥል» የሚሉት ትንንሽ መልሶች ወረፋ ይይዛሉ፤ ማውረዱም አብሮ ይቆማል። መጫኑን አስቁመው የፒንጉ የመልስ ጊዜ ካጠረ ምክንያቱ ተገኘ። ለዘለቄታው ራውተሩ ላይ የመላኪያ ገደብ ከትክክለኛው መጠን 90 በመቶ ላይ ያድርጉ።

«ዲኤንኤስ መቀየር ፍጥነት ይጨምራል»

ዲኤንኤስ የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉም አገልግሎት ነው። መቀየሩ ገጹ መከፈት የሚጀምርበትን ቅጽበት ሊያፈጥን ይችላል። ፋይል የማውረድ ፍጥነትን አይነካም።

«ሪስታርትና ሪሴት አንድ ናቸው»

ሪስታርት ማለት ከኃይል ነቅሎ 30 ሰከንድ ያህል ቆይቶ መሰካት ነው፤ የተጨናነቀ ሜሞሪ ያራግፋል። ከጀርባ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ መጫን ግን ሁሉንም ያጠፋል፣ አቅራቢው የሰጠውን የመግቢያ ስምና ፓስወርድ ጨምሮ። እነሱ በእጅዎ ከሌሉ ቀርፋፋውን ኢንተርኔትም ያጣሉ። በየቀኑ ሪስታርት የሚፈልግ ራውተር ደግሞ ብዙ ጊዜ ወይ ይሞቃል ወይ የኃይል አስማሚው ደክሟል፤ አስማሚውን አንድ ዓይነት ቮልትና ከዚያ ያላነሰ አምፔር ባለው ይቀይሩ።

«አቅራቢው ጋ ቢደወል ዋጋ የለውም»

«ኢንተርኔት አስቸገረኝ» ብቻ ከተባለ መልሱ «ራውተሩን አጥፍተው ያብሩ» ነው። የኬብል ልኬቱን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይንገሯቸው። መስመሩ ፋይበር ከሆነ ኤልኦኤስ (LOS፣ ሲግናል መጥፋቱን የሚናገረው) የሚለው መብራት ቀይ መሆኑን፣ ቢጫዋ ቀጭን ገመድም የሆነ ቦታ ተጣጥፋ እንደሆነ ይዩ። የስልክ መስመር ከሆነ ከራውተሩ ገጽ የኤስኤንአር ማርጂን (SNR margin፣ ሲግናሉ ከጫጫታው በላይ ያለው ትርፍ) የሚለውን ያንብቡላቸው፤ ከ6 ዲሲቤል በታች ከሆነ ቴክኒሻን እንዲልኩ ይጠይቁ።