ጂን ኤክስፐርትና የሕፃናት ሳንባ ቲቢ

ትንሽ ልጅ አክታ አውጥቶ መትፋት አይችልም። ቢያስልም መልሶ ይውጠዋል። በሕፃናት ላይ የሳንባ ቲቢን መለየት ለዓመታት ሲያስቸግር የኖረው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ላይ በልጆች ሳንባ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ጥቂት ነው። በማይክሮስኮፕ ለማየት በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ባክቴሪያ ያስፈልጋል፤ ብዙ ልጆች ይህን ያህል የላቸውም። ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ማሳደግ የተሻለ መንገድ ቢሆንም ውጤቱ ሳምንታት ይፈጃል። ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ሳምንታት ብዙ ናቸው። በዚህ ዕድሜ ቲቢ ቶሎ ወደ አንጎል ሽፋን ሊዛመት ይችላል።

ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን የሚፈልገው የባክቴሪያውን ዘረመል ነው። የተዘጋጀው ናሙና ካርትሪጅ በምትባል፣ ለአንድ ምርመራ ብቻ በምታገለግል ትንሽ ዕቃ ውስጥ ይጨመራል፤ ዘረመሉን ማውጣቱን፣ ማባዛቱንና መለየቱን ማሽኑ ራሱ ይጨርሰዋል። በሁለት ሰዓት ገደማ ሁለት መልስ ይሰጣል። አንዱ ቲቢ መኖር አለመኖሩ ነው። ሌላው ባክቴሪያው ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት ተላምዶ እንደሆነ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምርመራውን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። በ2017 የመጣው ኡልትራ የተባለው ካርትሪጅ ደግሞ በጣም ጥቂት ባክቴሪያ ያለበትን ናሙና እንኳ ይለያል።

ማሽኑ ቢኖርም የናሙናው ችግር አልተፈታም ነበር። የተለመደው መላ በማለዳ፣ ልጁ ምንም ሳይቀምስ፣ በአፍንጫው ቱቦ አስገብቶ ከጨጓራው ፈሳሽ መቅዳት ነው። ብዙ ጊዜ ሆስፒታል መተኛት ይጠይቃል። ልጁን ያሠቃያል፤ ይዛው ለምትቆመው እናትም ከባድ ነው። የተዋጠው አክታ ግን በሆድ አልፎ ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ የባክቴሪያውም ዘረመል አብሮ ይወጣል። በ2020 የዓለም ጤና ድርጅት ሰገራን ለሕፃናት የጂን ኤክስፐርት ናሙና አድርጎ ተቀበለ።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ድርሻ በደንብ ሊታወቅ ይገባል። ሰገራን በቀላሉ ለማዘጋጀት የሚያስችለው ዘዴ ሲሠራ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ኬኤንሲቪ ከተባለው የኔዘርላንድ የቲቢ መከላከያ ድርጅት ጋር አብረው ሠርተዋል። የባቄላ ፍሬ የምታህል፣ ወደ 0.8 ግራም የምትሆን ሰገራ ከካርትሪጁ ጋር በሚመጣው ፈሳሽ ጠርሙስ ውስጥ ትገባለች። ጠርሙሱ በደንብ ይናጣል፣ 10 ደቂቃ ይቀመጣል፣ እንደገና ተንጦ ሌላ 10 ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ ዝቃጩ ሳይነካ ከላይ ያለው ፈሳሽ 2 ሚሊ ሊትር ይቀዳል። ሴንትሪፊውጅም ሆነ ሌላ ተጨማሪ መሣሪያ አያስፈልግም። ጥንቃቄ የሚጠይቀው መቅዳቱ ላይ ነው፤ ዝቃጭ ከገባ ማሽኑ ስህተት ብሎ ካርትሪጁ ይባክናል።

ማሽኑ መብራትና ከሙቀትና ከአቧራ የተጠበቀ ክፍል ስለሚፈልግ በየጤና ጣቢያው አይገኝም። በኢትዮጵያ የቲቢ ናሙናዎች በፖስታ አገልግሎት ጭምር ወደ ላቦራቶሪ ይላካሉ።

ምርመራው የማይችለውም አለ። በሌላ ናሙና ቲቢ ከተረጋገጠባቸው 10 ልጆች ውስጥ ሰገራው የሚያሳየው በግምት የ6ቱን ነው። ስለዚህ «ኔጋቲቭ» የሚል ወረቀት ይዞ የመጣን ልጅ ነፃ ነህ ብሎ ማሰናበት ትልቅ ስህተት ነው። ሳሉ ካልተወ፣ ክብደቱ ካልጨመረ፣ ቤት ውስጥ ቲቢ ያለበት ሰው ካለ፣ ሐኪሙ ምልክቶቹንና ራጁን አይቶ ሕክምና መጀመር ይችላል። በ2022 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ይህንን መንገድ ያመለክታል። በሌላ በኩል የሞተ ባክቴሪያ ዘረመልም ለጊዜው ሊገኝ ስለሚችል፣ ሕክምና የጀመረ ልጅ እየዳነ መሆኑን በጂን ኤክስፐርት መከታተል አይቻልም።

ቲቢው ከተገኘ በኋላ የሕክምናው መንገድ አጭር ሆኗል። ዕድሜያቸው ከ3 ወር እስከ 16 ዓመት የሆኑና ሕመማቸው ያልጠና፣ መድኃኒቱን የተላመደ ቲቢም የሌለባቸው ልጆች በ6 ወር ፈንታ በ4 ወር ሕክምና መዳን ይችላሉ።