የደጋ ልማድ በቆላ ቤት

ቤተሰቦቼ መተማ ገጠር ነው የሚኖሩት። ከደጋ ሲወርዱ ልማዳቸውንም ይዘው ወርደዋል። መጋቢትና ሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ታዲያ ልማዱ ያጣላናል።

«ሲሞቅ በርና መስኮት መክፈት ነው።»
ቀን ላይ ውጪው ከቤቱ ከሞቀ፣ ከፍታችሁ የምታስገቡት ወበቁን ነው። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ዝጉ፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ክፈቱ። እኛ ቤት ተገላቢጦሽ ነው። ማታ «ብርድ ይመታናል» ተብሎ ሁሉም ይከረቸማል፤ ታክሲ ውስጥ መስኮት የሚያስዘጋው ያው ፍርሃት። ቆርቆሮ ቤት ግን ቀን ከውጪው ሊብስ ይችላል፤ ያኔ ከፍቶ ዛፍ ጥላ ስር መውጣት ይሻላል።

«ቆርቆሮ ከሳር ክዳን ይሻላል።»
ለእሳትና ለምስጥ፣ አዎ። ለሙቀት ግን ሳሩ በመሃሉ የያዘው አየር ፀሐይዋን ያግዳል። ቆርቆሮ ካለባችሁ ኮርኒስ አሠሩ።

«ፀሐይ የጣለው ሰው ምች ነው፤ ዳማከሴ አሽቶ በጋቢ ጠቅልሎ ማላብ ነው።»
ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው። የዳማከሴን ሽታ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ሰውነቱ የጋለን ሰው በጋቢ መጠቅለል በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። ጥላ ስር አስገቡት፣ ልብሱን አላሉለት፣ ገላው ላይ ውሃ እያፈሰሳችሁ አራግቡለት። ከዘባረቀ ወይም ራሱን ከሳተ ውሃ በአፉ አትጋቱት፤ እያቀዘቀዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። «እያላበው ነው፣ ደህና ነው» ብላችሁም አትዘናጉ። ሰሊጥ ማሳ ላይ ሲለፋ የዋለ ሰው እያላበውም ሊወድቅ ይችላል።

«ሕፃኑ ይጠማዋል፣ ውሃ ይቅመስ።»
ስድስት ወር ካልሞላው ጡት ብቻ ይበቃዋል። የእናት ወተት ከ80 በመቶ በላይ ውሃ ነው። ቶሎ ቶሎ ይጥባ፤ ውሃውን እናትየው ትጠጣ።

«ቡና ውሃ ያስጠማል።»
ሁለት ሦስት ስኒ አያደርቃችሁም። ጣጣው ከሰሉ ነው፤ ውጪ ይፈላ። አረቄ ግን ሌላ ነገር ነው።

«በበጋ ወባ የለም፣ ደጅ ያለ አጎበር ይተኛል።»
ወባ የሚበረታው ከክረምት በኋላ ቢሆንም በበጋም አለ። በ2016 እንደ ፈረንጆቹ ሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ላይ የተገኘችው አዲሷ የወባ ትንኝ ደግሞ በርሜልና ታንከር ውስጥ ትራባለች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ወባ የተነሳው በበጋ ነበር። በርሜሉ ይከደን፤ አልጋው ደጅ ሲወጣ አጎበሩም አብሮ ይውጣ።