ጀርመን ለልውውጥ ተማሪ፦ የመጀመሪያዎቹ ወራት ኑሮ

ከኢትዮጵያ ለአንድ ወይ ለሁለት ሴሚስተር በልውውጥ ጀርመን የሚሄድ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው ለትምህርቱ ነው፣ ግን መጀመሪያ ላይ አናት የሚያዞረው ወረቀቱ ነው። ዊንተር ሴሚስተር ኦክቶበር 1 ይጀምራል፣ መስቀል እንዳለፈ ማለት ነው፣ ክላስ የሚገባው ግን ወሩ አጋማሽ አካባቢ ስለሆነ መሃል ያሉት ቀናት ለወረቀት ናቸው፣ እባካችሁ አታባክኗቸው።

የሁሉም ነገር ቁልፍ አድራሻ ነው። ቤት በገባችሁ በ2 ሳምንት ውስጥ አድራሻ ማስመዝገብ ግዴታ ነው፣ አንሜልዱንግ ይሉታል፣ አከራዩ የፈረመበት ወረቀት ከሌለ አይመዘግቡም። ከዛ ባንክ ይከፈታል፣ ለቪዛ ብላችሁ በዝግ አካውንት ያስገባችሁት ብርም በየወሩ የሚለቀቀው ወደዛ ነው። በ2024 ሴፕቴምበር የወጣው ልክ በዓመት 11,904 ዩሮ ነው፣ በወር 992። የጤና ኢንሹራንስ ከሌለ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው አይመዘግብም።

አንድ ማንም ያልነገረኝ ነገር የበሩ ፖስታ ሳጥን ነው። የባንክ ካርድ፣ የሚስጥር ቁጥሩ፣ የግብር ቁጥሩ ሁሉም የሚመጣው በፖስታ ነው፣ ሳጥኑ ላይ ስማችሁ ካልተለጠፈ ፖስተኛው ደብዳቤውን ይዞት ይመለሳል። እኔ ካርዴን ስጠብቅ ስጠብቅ ከርሜ ለካ ሳጥኑ ላይ ያለው ከኔ በፊት የነበረው ተከራይ ስም ነው፣ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፌ በፕላስተር ለጠፍኩት፣ ከዛ በኋላ መምጣት ጀመረ። ስም ስንል ደግሞ እነሱ ፓስፖርት ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ ያለውን ነው የሚጠሩት፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ የአባታችሁ ወይ የአያታችሁ ስም ሲጠራ እናንተን ነው፣ ተነሱ።

ትምህርቱ ላይ ትልቁ መገለባበጥ ውጤት ነው። እኛ ጋ 4.0 አንደኛ የወጣ ልጅ ነው፣ እዛ ግን 1.0 ነው ምርጡ፣ 4.0 ለጥቂት ያለፈ ነው፣ 5.0 ወድቋል። ፈተና ላይ ለመቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው መመዝገብ ያስፈልጋል፣ ቀኑ ካለፈ ኮርሱን ሙሉ የተማረም አይፈተንም፣ ይሄ በጣም ያሳዝናል፣ ብዙ ጎበዝ ልጆችን ያስቸገረ ነገር ነው። የክላስ ሰዓት አጠገብ ሲ ቲ የሚል ካለ 10 የተባለው 10:15 ይጀምራል ማለት ነው። ሃልብ ድራይ ሲባል ደግሞ፣ ቃል በቃል ግማሽ ሦስት ማለት ነው፣ በእነሱ ሰዓት 2:30 ነው፣ በእኛ ልማድ ሦስት ተኩል ብላችሁ እንዳትሰሙት።

ምግብ ብዙም አያስቸግርም፣ የዩኒቨርሲቲው ካፌ ሜንዛ ለተማሪ ርካሽ ነው፣ ቪጋን ስለሚኖር ለጾመኛም ይሆናል። ሽሮና በርበሬ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቅቤና ቋንጣ ግን አትጫኑ፣ ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ ካለ አገር ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ ኤርፖርት ላይ ይወስዱባችኋል፣ እናት የለፋችበት ነገር ቆሻሻ ውስጥ ሲገባ ማየት ደግሞ ያማል። በፕላስቲክ ጠርሙስ መጠጥ ስትገዙ ብዙ ጊዜ 25 የዩሮ ሳንቲም መያዣ ትከፍላላችሁ፣ ባዶውን ሱፐርማርኬት ያለው ማሽን ውስጥ ስትከቱት ብሩ ይመለሳል።

ከባዱ እሁድ ነው። ሱቅ ዝግ ነው፣ ቅዳሜ ያልገዛ ሰው ባቡር ጣቢያ መሄድ አለበት፣ ሰፈሩ ጭር ይላል፣ ጮክ ያለ ሙዚቃም ጎረቤት ያስቆጣል። ዲሴምበር ላይ በርሊን ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ገና 10 ሰዓት ሳይሞላ ነው፣ ናፍቆት የሚበረታው ያኔ ነው፣ ስለዚ ብቻችሁን ክፍል ውስጥ አትቀመጡ፣ ፍራንክፈርትም ኮሎኝም ሐበሻ አለ፣ ቤተክርስቲያንም አለ። ዶርም ውስጥም የጋራ ኩሽና ካለ ቡና አፍሉና ጎረቤቶቻችሁን ጥሩ፣ የኔ የመጀመሪያ ጓደኞች የመጡት በዛ ነው። ብቻ መኝታ ክፍል ውስጥ ቡና እንዳትቆሉ፣ ዕጣንም እንዳታጨሱ፣ ጣሪያው ላይ ያለችው ነጭ ክብ ነገር የጭስ ማስጠንቀቂያ ናት፣ ከጮኸች ሕንፃው ሙሉ ይሰማል፣ ኩሽና ሄዳችሁ መስኮቱን ከፍታችሁ ቁሉ።